ሙሩጋንና ተተኪው

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከጠዋቱ 3፡00።

የፊርማ መዝገቡን ዘጋሁ። አርፋጅ ሁለት። የሁለቱም ምክንያት «ባጃጅ አጣሁ»። ወረታ ላይ ባጃጅ ይታጣል? ግድ የለም፣ ጽፌ አለፍኩ።

ስማ ደብተር፣ ዛሬ የያዝኩልህ ወሬ ደግ አይደለም። ባሕር ዳር ዱቄት ፋብሪካ የምትሠራ ጓደኛዬ በቴሌግራም አራት ፎቶ ልካለች። አዲስ መመሪያ ነው፤ የውጭ ዜጎች የሥራ ፈቃድ። ከእንግዲህ የውጭ ባለሙያ የያዘ ድርጅት ፈቃድ ለማሳደስ፣ አጠገቡ የመደበው ኢትዮጵያዊ ተተኪ ሙያውን እየተማረ መሆኑን ማሳየት አለበት። በየወሩ የተመዘገበ የሥልጠና ማስረጃ። ያሠለጠነው የፈረመበት፣ የሠለጠነው የፈረመበት። ማስረጃ ከሌለ እድሳት የለም። እድሳት ከሌለ ሰውየው ቀኑ ሲሞላ ከአገር ይወጣል።

እዚህ ሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ያለን የውጭ ሰው አንድ ነው። ሙሩጋን። ህንዳዊ፣ የማሽን ባለሙያ፣ ሰባት ዓመት አብሮን የኖረ። ፈቃዱ ኅዳር 30 ያበቃል። ኅዳር ደግሞ የፎገራ ሩዝ ታጭዶ፣ ጋሪውም አህያውም አይሱዙውም በራችን ላይ የሚሰለፍበት ወር ነው። ማሽኑ ያኔ ከቆመ ገበሬው ምርቱን ጭኖ ሌላ ከተማ ሊንከራተት ነው።

ፋይሉን ከፈትኩ። የተተኪው ስም አለ፤ ዲያቆን ፈንታሁን፣ የቁሐር ሚካኤል ልጅ። የምደባ ደብዳቤው አለ፣ በእኔው ፊርማ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ፕላስቲክ። አንዲት ወረቀት እንኳ የለም። የሰው ኃይል ኃላፊ ተብዬዋ እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12።

ፈንታሁንን ልጠይቀው ወደ ማሽን ቤቱ ወረድኩ። የለም። ቀኑን ረስቼ ነው፤ ዛሬ ሚካኤል ነው። የቁሐር ሰው በ12 ሞፈርም አይነካ፣ መፍቻም አይነካ። ደብሩ ላይ ነው። ሙሩጋን ብቻውን ተቀምጦ ኩሽኔታ በጨርቅ ይወለውላል። ምንም አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ።

ጋሼ ደወሉ። ጋሼ የምላቸው አቶ መኮንንን ነው፣ የፋብሪካውን ባለቤት። መመሪያውን አነበብኩላቸው። ይሄ ያንቺ ሥራ ነው የሺ አሉና ዘጉት። ልክ ናቸው። ያናደደኝም እሱ ነው፤ ልክ መሆናቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ምሳ ሰዓት።

ፈንታሁንን አገኘሁት። ከሙሩጋን የተማርክበት ማስታወሻ ደብተር አለህ አልኩት። የለኝም አለኝ። ምንም ነገር ጽፈህ አታውቅም? አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ! ምን ስትሠራ ኖርክ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገሩ ግን የገባኝ ዛሬ ነው።

ይህ ልጅ የተማረው ከአንበሳሜ ማዶ፣ የቆሎ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የኔታ ቃሉን በአፍ ይሰጣሉ፤ ተማሪው ተቀብሎ ሲደጋግመው ያድራል፤ በማግስቱ መልሶ ለየኔታ ይሰጣል። ከጸና ቀጣዩን ይቀበላል። ካልጸና ያንኑ እየደጋገመ ይቀጽላል። ወረቀት የለም። ፈንታሁን ታዲያ ማሽኑንም እንደዚያው ነው የያዘው። ሙሩጋን ጠዋት አንድ ዕቃ ያሳየዋል፤ ስሙን፣ ሥራውን፣ ሕመሙን፣ መድኃኒቱን። እሱ ቀኑን ሙሉ ጆንያ እያነሳ ያንን ያጉረመርማል። እኔ እኮ ዳዊት እየደገመ ይመስለኝ ነበር። ለካ የጎማ ሮለር ነው የሚደግመው።

ሙሩጋንንም «የኔታ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ሠራተኛው ሳቀበት፤ አሁን ሁሉም ለምዶታል። እሱ ቆሞ ፈንታሁን አይቀመጥም። እሱ ሳያዝ መፍቻ አያነሳም። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ የእጅ ሥራም ቢሆን ያስተማረህ መምህርህ ነው ብለው መክረውት ነው አለኝ።

ጽፈኸው ቢሆን ምን ነበረበት አልኩት። ወረቀት ዝናብ ያገኘዋል እትዬ፣ ፎገራ ላይ ክረምት ሲገባ ምን ይተርፋል ብላችሁ ነው አለ። እውነቱን ነው። አምና ጎርፉ ሲገባ የእኔ መዛግብት ናቸው እንደ እንጀራ ፀሐይ ላይ የተሰጡት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ጠዋት።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ሙሩጋን ጓሮ ልብስ ያጥባል። አንድ ግቢ ነን፤ እሱ ከበስተኋላ ያለችውን አንድ ክፍል ነው የተከራየው። ሌላ መላ የለም ብዬ ነገርኩት፤ መመሪያውን፣ ባዶውን ፋይል፣ ኅዳር 30ን። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ነገርኩት።

እጁ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ያልነገረኝን ነገረኝ። ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት በአንድ የበረሃ አገር ሠርቷል። አሠሪው ፈቃዱን ሳያሳድስለት ቀርቶ መንገድ ላይ ተያዘ። ብዙ ቀን ታሰረ። ከዚያ በሥራ ልብሱ፣ በነጠላ ጫማው አውሮፕላን ላይ ጫኑት። የእናቱ ፎቶ ግድግዳው ላይ ቀረ። አብረውት የኖሩትን ሰዎች ደኅና ሁኑ አላላቸውም። እናቱ በር ላይ ስታየው መጀመሪያ ሌባ ሆኖ የተባረረ መስሏት ነበር።

መሄዱን አልፈራም አለኝ። ሰው ሁሉ አንድ ቀን አገሩ ይገባል። ግን እንደዚያ አይሁን። ሻንጣዬን ራሴ ዘግቼ፣ ሰው ተሰናብቼ፣ በራሴ እግር ልውጣ። ይኸው ነው የለመነኝ። ልብሱን አስጥቶ ገባ።

ማልቀስ አልወድም፤ ታውቃለህ። ዛሬ ግን ምሳ አልበላልህ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18።

ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጧል። ማስረጃ የለንም ብል ሙሩጋን ይባረራል። ማስረጃ ልሥራ ብል… ልሥራ ነው እንግዲህ። ምን ላድርግ? ትምህርቱ ሐሰት አይደለም፤ ልጁ ተምሯል። የጎደለው ወረቀት ነው። የጎደለውን መሙላት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

ቅጹን አወረድኩ። በፈረንጅ ቀን ነው የሚሞላው። ሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ማክሰኞና ሐሙስ። ከአምና ኅዳር ጀምሬ መጣሁ። ሁለት እስክሪብቶ፣ ሰማያዊና ጥቁር፣ እያፈራረቅሁ። ዛሬ እስከ መጋቢት ደረስኩ። እጄ ዝሏል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ከቀኑ 9፡00።

ጨረስኩ። ብታየው ደብተር። ማሽን ቤት ሄጄ አውራ ጣቴን ዘይት ነክሬ እዚህም እዚያም አተምኩበት፤ እውነተኛ እንዲመስል። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ሙሩጋን ፈረመ። ሁሉንም። አላነበበም። ያንቺ ወረቀት አይደል ወይ አለና ፈረመ። ነገ ማርያም ናት፤ ፈንታሁንን ቅዳሜ አስፈርመዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22።

አልፈረመም።

ቢሮዬ መጣ፤ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። እኔ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ፈርም እያልኩ ጣቴን እሰድዳለሁ። እሱ ግን ያነባል። በጣቱ መስመር በመስመር፣ ልክ አትሮኖስ ፊት እንደቆመ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ነው፤ የፈረንጁን ቀን በልቡ ወደ እኛው ይመልሰዋል። እኔ ምን አውቄ። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። እትዬ፣ ይሄ ኅዳር 12 ነው አለ። ዝቅ ብሎ ሌላ ጋ ቆመ። ይሄም ሰኔ 12።

ማክሰኞና ሐሙስ እያልኩ ስሞላ የሚካኤልን ሁለቱን ዓመታዊ ክብረ በዓል የሥራ ቀን አድርጌዋለሁ። ሁለቱም ሐሙስ ውለዋል። የቁሐር ሚካኤልን ዲያቆን፣ ታቦቱ በወጣበት ቀን፣ ሮለር ሲቀይር ዋለ ብዬ ጽፌያለሁ። ከወረታ እስከ ባሕር ዳር ይህን አንብቦ የማይስቅ ሰው የለም።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በነዚህ ቀናት ታቦት አጅቤ ነበር፣ አገር ያየኝ ነው፤ አልነበርኩም ብዬ እንዴት ልፈርም አለ። ደግሞ ጨመረ። የኔታ ፈርመውበታል እኮ፣ ይህ ውሸት ቢገኝ የሚወድቀው የእሳቸው ስም አይደለም ወይ አለኝ።

ያንን አላሰብኩትም ነበር። በእግዜር፣ አላሰብኩትም። በራሴ እግር ልውጣ ያለኝን ሰው በሐሰት ሰነድ ልሰቅለው ነበር። ፈቃዱ ቢቀር ይወጣል፤ በዚህ ቢያዝ ግን ዳግም የማንንም አገር በር አያይም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ፈንታሁን ወረቀቱን አስተካክሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24።

ቀደድኩት። ቀድጄም አልቀረሁ፤ ሙሩጋንን ጠርቼ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። ፊርማህን አሳስቼ ነው የወሰድኩት አልኩት። ቁርጥራጮቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ፈንታሁን ያዘሽ አለኝ። አዎ ያዘኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው አለ። ይህን ሰው ልሸውደው ነበር።

ለጋሼም ደወልኩ። ማስረጃ የለንም፤ ማመልከቻውን ያለማስረጃ አስገባለሁ፤ ተቆጣጣሪ ይላክልን ብዬ እጠይቃለሁ አልኳቸው። ጮኹ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ሲበርድላቸው ታዲያ ምን ልትይ ነው አሉ። እውነቱን አልኩ። አንቺ ሴትዮ አብደሻል አሉና ዘጉት።

አላበድኩም። ከሳምንት በኋላ ዛሬ ገና ምግብ ጣመኝ። ሽሮ በቃሪያ፣ ሁለት እንጀራ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4።

ኔትወርክ ሁለት ቀን አልነበረም። ዛሬ ሲመለስ መልእክቱ አብሮ ገባ። ተቆጣጣሪ ማክሰኞ ይመጣል፤ መንገዱ ደኅና ከሆነ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ መጣብኝ። ፈንታሁን ተፈትኖ ምንም አያውቅም ከተባለ፣ አላስተማራችሁም ተብሎ ፈቃዱ ይከለከላል። ሁሉን ያውቃል ከተባለስ? ታዲያ ህንዱ ምን ያደርግላችኋል ሊሉ ነው። ቢያውቅም ጉድ፣ ባያውቅም ጉድ። ልጁን ግማሹን ብቻ ተናገር ልበለው? እስከ ማሽን ቤቱ በር ሄጄ ተመለስኩ። ለዚያ ልጅ ሁለተኛ ውሸት የሚያቀርብ ፊት የለኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከቀኑ 11፡00።

በዝርዝር ልጻፈው።

ተቆጣጣሪዋ ሴት ናቸው። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ። ሻይ አልፈለጉም። የሥልጠና መዝገቡን አምጪ አሉኝ። የለም አልኳቸው። የለም ስትይ? የለም፤ አልያዝንም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በኋላም በሐሰት ልሞላ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት። ጋሼ ከጎኔ ቆመው ሲያቃስቱ ሰማኋቸው።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ሰሞኑን ብዙ መዝገብ አይቻለሁ፣ የዓመቱ ሁሉ በአንድ ቀን ቀለም የተጻፈ፤ የለም ያለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ አሉኝ። ከዚያ መመሪያውን አላነበብሽም ወይ አሉ። አንብቤያለሁ አልኩ። አምስተኛው ገጽስ?

ደብተር፣ አምስተኛ ገጽ አለው። ጓደኛዬ የላከችልኝ አራት ፎቶ ነው። አራተኛው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ያልቃል፤ እኔም ቀሪውስ ብዬ አልጠየቅሁም። አምስተኛው ገጽ ላይ፣ የጽሑፍ ማስረጃ የሌለው ድርጅት ተተኪውን በተቆጣጣሪ ፊት በተግባር ማስፈተን ይችላል ይላል። ይችላል! ያን ሁሉ ሌት ተቀን የተብሰለሰልኩት፣ ዘይት በጣቴ ያተምኩት፣ በአንድ ገጽ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግሞ በዚያው ቅጽበት ከትከሻዬ ላይ ኩንታል ወረደልኝ።

ወደ ማሽን ቤቱ ወረድን። ፈንታሁን እጁን አጣምሮ ቆመ። እስኪ የሚያውቀውን ይንገረኝ አሉ ሴትዮዋ። ከየት ልጀምር አለ። ከመጀመሪያው አሉት። ጀመረ። ሩዙ ከሚገባበት አፍ ተነሥቶ፣ ወንፊቱን፣ ድንጋይ ለቃሚውን፣ ሮለሩን፣ ገለባ የሚያወጣውን ማራገቢያ፣ ቺንጋውን፣ እያንዳንዱን ኩሽኔታ በቁጥሩ። ስሙ፣ ሥራው፣ ሕመሙ፣ መድኃኒቱ። አልተሰናከለም። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ሳያውቀው ወደ ዜማ ገባ። ጆንያ ተሸካሚዎቹ ቆመው ያዳምጡ ጀመር። ሴትዮዋ መጻፍ ተዉ።

አላመኑም መሰለኝ፣ እሱን ውጪ አስወጥተው ሙሩጋንን አንድ ነገር አበላሽልኝ አሉት። ሙሩጋን ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጠምዘዝ አደረገ፤ እኔ እንኳ አላየሁም። ፈንታሁን ገባ። አስነሣው። ጆሮውን አዘንብሎ ሰማ። ከመውጫው እፍኝ ሩዝ ዘግኖ መዳፉ ላይ ዘርግቶ አየ። ሩዙ እየተሰበረ ነው፣ ሮለሩ በግራ በኩል ጠብቋል አለ። ከዚያ መፍቻውን አላነሳም። ወደ ሙሩጋን ዞሮ ቆመ። ሙሩጋን ራሱን ነቅንቆ እሺ ሲለው ነው ያነሳው። አስተካከለ። ሩዙ ሙሉ ሙሉውን ወረደ።

የፈራሁት ያኔ መጣ። ሁሉን ካወቅህ ታዲያ ሙሩጋን ምን ያደርጋል አሉ ሴትዮዋ። ጋሼ ክንዴን ቆነጠጡኝ፤ እኔ ደግሞ ምን ላድርግ።

ፈንታሁን አላመነታም። ቀለም የሚለየውን ማሽን ገና አልተቀበልኩም አለ። የዕቃውን ስም ይዣለሁ፣ ንባቡን ይዣለሁ፣ ትርጓሜው ይቀረኛል። የተቀበልኩትንም ቢሆን የኔታ አላስመሰከሩኝም። ተማሪ መምህሩ በቅቷል ብሎ ሳይመሰክርለት ወንበር ዘርግቶ አያስተምርም፤ ደፍሮ ቢያደርገው ቀለሙም አይባረክለትም አለ። ለማስመሰል አልነበረም፤ የሚያምንበትን ነው የተናገረው።

ሴትዮዋ ሙሩጋንን መቼ ትመሰክርለታለህ አሉት። አንድ መከር አላቸው። ይህን መከር ከእኔ ጋር፣ የሚመጣውን ብቻውን። ጻፉ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው፣ አጎቴም የኔታ ነበሩ አሉኝ። መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ውሳኔው በደብዳቤ ይመጣል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።

ፋብሪካው ዝግ። መጠበቅ ቤት ውስጥ ስለማይገፋ ቁሐር ወረድኩ። ሙሩጋንም መጣ፤ ፈንታሁን ጠርቶት ነው። ከቅጥሩ ውጪ ዋርካው ሥር ከገበሬዎቹ ጋር ተቀመጠ። ዓርብ ስለሆነ ድግሱ የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ሱፍ ፍትፍት። ሥጋም ዕንቁላልም በአፉ ዞሮ ለማያውቀው ሙሩጋን የዓመቱ ምርጥ በዓል ሆነለት። ሦስት ጊዜ አስጨመረ። የፈንታሁን አባት መሪጌታ ይህ ሰው ከእኛ በላይ ጾመ እያሉ ይስቃሉ። ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲላቸው ልጄን አደራ አሉት። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ማሳው እስከ ውሃው ዳር ቢጫ ነው። አንዳንዱ ታጭዷል። ፈርቻለሁ፤ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። የተደበቀ ነገር የለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ከጠዋቱ 4፡30።

ታደሰ።

ታደሰ፣ ታደሰ። አንድ ዓመት። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ገጹንም ቆጠርኩ፣ ሁለት ነው፣ ሁለቱም አለ። ማሽኑ ስለሚጮህ ለሙሩጋን በምልክት ነገርኩት። ገባው። ፊቱን በዘይት ጨርቁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ፈንታሁን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሮጦ ማሽኑን አጠፋው፤ የኔታ ታመሙ ብሎ ነው። ዝምታው ውስጥ ነው የነገርኩት። እልል ያለችው ጆንያ ሰፊዋ ናት።

ውጪ የአህያው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ጋሼ ደወሉና አንቺ ሴትዮ ድሮም ጎበዝ ነሽ አሉኝ። ይሁንልዎ ጋሼ።

እግሬ ቀሎኛል። ዛሬ በእግሬ ነው ወደ ቤት የምሄደው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7። ከቀኑ 8፡00።

ሥራ፣ ሥራ፣ ሥራ። አሥራ አምስት ቀን አልጻፍኩልህም ብለህ አትቀየም። አሁን ዓርብ ዓርብ አንድ ሰዓት ፈንታሁን እየነገረኝ እኔ እጽፋለሁ። መዝገብ ይያዛል፤ በእውነተኛ ቀኑ። ንፋስ ማራገቢያው ላይ ደርሰናል።

ዛሬ አንድ ቅጽ መጣ። የሥራ ርክክብ ዕቅድ ይላል። የውጭ ባለሙያው ሥራውን አስረክቦ የሚወጣበት ቀን ይሞላና ይመለሳል። ጋሼ የፈቃዱን የመጨረሻ ቀን ሙዪ አሉ፤ የሚመጣው ኅዳር 30። እስከዚያች ቀን ይሠራልናል አሉ።

እኔ ግን አልሞላሁትም። ቅጹን ይዤ ወረድኩና ሙሩጋንን ራስህ ሙላው አልኩት። እስክሪብቶውን ተቀብሎ እጁን በጨርቁ ጠረገ። ከዚህ በፊት የሚወጣበትን ቀን የጠየቀው ሰው የለም፤ ነግረውት ነው እንጂ። ከዚያ ጻፈ። ጥቅምት 15።

መከሩን ሳታይ? አልኩት። ለዚያ ነው አለኝ። እኔ እዚህ ካለሁ ፈንታሁን አይቆምም። እስከ መቶ ዓመት ቢሆን መፍቻውን ለማንሳት ፊቴን ያያል። መከሩ ሲገባ እኔ እናቴ ቤት ሆኜ፣ እሱ ብቻውን ማሽኑን ያስነሣው። ያ ነው ምስክርነቴ። ማዶ ፈንታሁን ጆንያ ተሸክሞ እያጉረመረመ ያልፋል። የምንለውን አልሰማም።

እሺ አልኩ። ከፋኝ፣ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ከቀኑ ሥር ፈረምኩ። ጋሼ ጥቅምትን ሲያዩ ይጮኻሉ። ይጩኹ። ሰውየው በገዛ እጁ የጻፈው ቀን ነው፤ አልሰርዘውም።